ከመቁረጥ በፊት መመዘን፦ ስለ ገቨርነር ክብደቶችና ስለ ጋራዥ ልማዳችን

ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ስዘዋወር በአዳማ ከተማ ከሚገኙ ጋራዦች በአንዱ ውስጥ ያየሁት ትንሽ ድርጊት ነው። ከአዋሽ በኩል ሽቅብ የመጣ መካከለኛ የጭነት መኪና በግቢው ቆሟል። ሾፌሩ «ጉልበት አጥቷል፤ ዳገት ላይ ይደክምብኛል» እያለ ያማርራል። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ፣ በርካታ ሞተር በእጃቸው ያለፈ ሰው ናቸው። የነዳጅ መርጫ ፓምፑን ፈቱ፤ የኋላ ክዳኑን ከፈቱና መዳፍ የማይሞሉ ሁለት የብረት ክፍሎች አወጡ። አንዱን ከዚያም ሌላውን ወደ ግራይንደሩ አስጠግተው ጥቂት ሞረዷቸው። የአንደኛው ጫፍ ሰማያዊ ቀለም ሲያወጣ ውኃ ውስጥ ነከሩት። «ጋሼ፣ ስንት ግራም ቀነሱለት?» ብዬ ብጠይቃቸው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ እሱን እጄ ያውቀዋል» አሉኝ።

ሾፌሩ በዚያው ዕለት ተደስቶ ሄደ። እኔ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይዤ ተመለስሁ። የመጀመሪያው፣ እነዚያ ሁለት ብረቶች በዚያ ማሽን ውስጥ ሥራቸው ምን ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሙያው በእጅ ብቻ ሲታወቅ፣ በሚዛንና በመዝገብ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ሐሳብ አጭር ነው፤ በጋራዦቻችን የጎደለው የእጅ ጥበብ ሳይሆን መለኪያ ነው። መለኪያውም በአመዛኙ እኛ ዘንድ፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ ሙከራዎች ውስጥ፣ ተቆልፎ ይገኛል።

የክብደቶቹ ሥራ

መካኒኩ ያወጧቸው ብረቶች የገቨርነር ክብደቶች ይባላሉ። ገቨርነር የሞተርን ፍጥነት በገደብ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተሩ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ ክብደቶችን በመግጠም ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲፈጥን የእንፋሎቱ መግቢያ ራሱ እንዲጠብ አድርጓል። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1868 ስለዚሁ መሣሪያ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዛሬ የቁጥጥር ምሕንድስና ለምንለው የትምህርት ዘርፍ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ሆኗል። የቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 የናፍጣ መርጫ ፓምፕን በብዛት ማምረት ከጀመረ ወዲህ፣ በኤሌክትሮኒክስ የማይታዘዙት የጭነት መኪናና የትራክተር የናፍጣ ሞተሮች በዚሁ ዘዴ ሲገደቡ ኖረዋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ክብደቶቹ ከፓምፑ ዘንግ ጋር ይሽከረከራሉ። ሲሽከረከሩ ከመሐል ወደ ውጭ ለመሸሽ ይገፋሉ፤ ስፕሪንግ ደግሞ ወደ ውስጥ ይመልሳቸዋል። ሞተሩ ከተወሰነለት ፍጥነት ሲያልፍ የክብደቶቹ ግፊት ስፕሪንጉን ያሸንፍና የነዳጁን ዘንግ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ነዳጁ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይረጋጋል። የግፊቱ መጠን የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፤ በክብደቱ፣ ከመሐል ባለው ርቀትና በፍጥነቱ። ከሦስቱ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ የሚገባ በመሆኑ ኃይለኛው እሱ ነው።

ይህን በምሳሌ እንመልከተው። 200 ግራም የሚመዝን ክብደት ከመሐል 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ በደቂቃ 1,500 ዙር ቢሽከረከር፣ ወደ ውጭ የሚገፋው በግምት 25 ኪሎ ግራም ጭነት በሚያህል ኃይል ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ፓምፑን በግማሽ ፍጥነቱ ስለሚያሽከረክረው፣ የፓምፑ 1,500 ዙር ማለት የሞተሩ 3,000 ዙር ማለት ነው። እንግዲህ መዳፍ የማይሞላው ብረት የግማሽ ኩንታልን ግማሽ ተሸክሞ የሚሠራ ጠባቂ ነው።

አንድ ዓይነት ብረት፣ ሁለት ትርጉም

ክብደትን በመሞረድ ማሽንን ማስተካከል በራሱ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ይህ ሥራ በክብር ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ በበረዶ ላይ የሚነዳው ስኖሞቢል የተባለው ተሽከርካሪ ነው። ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር እ.ኤ.አ. በ1959 በካናዳዋ ኩቤክ ለገበያ ያቀረበው ስኪዱ ይህን ተሽከርካሪ በስፋት አስተዋውቋል። ብዙ የአገራችን ልጆች በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛትም ፖላሪስና አርክቲክ ካት የተባሉት አምራቾች ተመሥርተዋል። የስኖሞቢል ፍሪሲዮን እንደ መኪናችን በፔዳል የሚረገጥ አይደለም። ቀበቶ የሚያልፍባቸው ሁለት ተጣማጅ ፑሊዎች አሉት፤ በአንደኛው ፑሊ ላይ ያሉት የተጠነከሩ ክብደቶች ሲሽከረከሩ ፑሊውን ያጠብቡታል፤ ቀበቶውም ወደ ላይ ይወጣል፤ ማርሹ ያለ ደረጃ ይለወጣል።

እዚያ ክብደቱ ከባድ ከሆነ ማርሹ ቶሎ ይለወጥና ሞተሩ ኃይሉን ከሚሰጥበት ዙር በታች ይታፈናል። ቀላል ከሆነ ሞተሩ ዙሩን ይጠብቃል። ተራራ የሚወጡ ነጂዎች አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ኃይል ስለሚቀንስ ክብደቱን በዚያው ልክ ያቀላሉ። ሞተሩ በደቂቃ እስከ 8,000 ዙር ገደማ ስለሚዞር 50 ግራም የሚመዝን አንድ ክብደት ከመሐል በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከ170 ኪሎ ግራም በላይ በሚመዝን ጭነት ልክ ይገፋል። አንድ ግራም የሞተሩን ዙር በመቶዎች ሊለውጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችም ግራይንደር ከመያዛቸው በፊት ግራም በክፍልፋይ የሚለይ ሚዛን ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ የቆረጡትን ይጽፋሉ፤ ሁሉንም ክብደቶች እኩል ሳያደርጉ መልሰው አይገጥሙም።

የሁለቱን ማሽኖች ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። በስኖሞቢሉ ክብደቱ ማርሽ ለዋጭ ነው፤ ሲቀል ሞተሩ ኃይሉ ያለበትን ዙር ያገኛል። በናፍጣ ሞተሩ ገቨርነር ግን ክብደቱ ዘብ ነው፤ ሲቀል የሚገኘው ተጨማሪ ኃይል ሳይሆን ዘግይቶ የሚነቃ ዘብ ነው። ብረቱና ግራይንደሩ ተመሳሳይ ናቸው፤ ድርጊቱ ግን በአንደኛው ማስተካከል፣ በሌላኛው ጥበቃን ማንሣት ነው። በዚያ ጋራዥ የሆነውን በዚህ ዓይን ስመለከተው፣ ሾፌሩ ጉልበት ጠይቆ ፍጥነት እንደተሰጠው ተረዳሁ።

ጉልበቱ የት ሄደ?

ሾፌሩ አልዋሸም። ከአዋሽና ከመተሐራ ቆላ ወደ አዳማ፣ ከአዳማም በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና በእርግጥ ጉልበት ያጣል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ በ20 በመቶ ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። አሮጌው ሜካኒካል ፓምፕ ግን፣ የከፍታ ማካካሻ ካልተገጠመለት በቀር፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚረጨውን ያህል ናፍጣ እዚህም ይረጫል። የሚቃጠልበት አየር ያላገኘው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ዳገት ላይ የሚደክምና የሚያጨስ መኪና የሚፈልገው ፈተና ሌላ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ታፍኖ እንደሆነ ማየት፣ የኢንጀክተሮቹን አረጫጨት መፈተሽ፣ የመርጫ ጊዜውን መለካት፣ ቱርቦ ካለው የአየር ማፍሰሻ መኖሩን መመርመር፣ ከሁሉም በላይ የተጫነውን መመዘን። የገቨርነር ክብደት መሞረድ ከእነዚህ አንዱንም አይነካም። ዳገት ላይ ሞተሩ ከገደቡ በታች እየተንፈራገጠ ሳለ ገቨርነሩ ነዳጅ አይቆርጥምና፣ ገደቡን ከፍ ማድረግ ለዳገቱ የሚጨምርለት ነገር የለም። ለውጡ የሚሰማው በሜዳውና በቁልቁለቱ ነው። እዚያ ደግሞ መኪናው ቀድሞም ጉልበት አልጎደለውም ነበር። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ብሂላችን ለዚህ የተባለ ይመስላል።

ተመሳሳይ ነገር በመቂና በባቱ አካባቢ በሚገኙ የመስኖ ማሳዎች ይታያል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች በሚጠቀሙባቸው ትንንሽ የውኃ መሳቢያ ሞተሮችም ውስጥ ገቨርነር አለ። ውኃው በርትቶ እንዲወጣ ተብሎ ገደቡ ከፍ ይደረጋል። የውኃው መጠን ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ፣ ፓምፑ የሚጠይቀው ኃይል ግን ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ውኃው በ10 በመቶ፣ የሚፈለገው ኃይል ግን በ33 በመቶ ይጨምራል። ገበሬው ትርፉን በቦዩ ያየዋል፤ ኪሳራውን ግን በቤንዚን ጀሪካኑና ቶሎ በሚያረጀው ሞተር ላይ ነው የሚከፍለው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ስፕሪንጉና ርቀቱ ሳይለወጡ ክብደቱ ብቻ ቢቀነስ ገደቡ ምን ያህል ይሸሻል? ከክብደቱ 10 በመቶ ቢሞረድ የሞተሩ የመጨረሻ ፍጥነት በ5 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ 3,000 የነበረው ወደ 3,160 ይጠጋል። 20 በመቶ ቢሞረድ ጭማሪው ወደ 12 በመቶ ይደርሳል፤ 3,000 የነበረው 3,350 ይሆናል። ይህ ለጆሮ ብዙ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን ፒስተንና ቢየላ በየዙሩ ሲመላለሱ የሚደርስባቸው ጉተታም ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚያድግ፣ በሁለተኛው ምሳሌ ጭነቱ በ25 በመቶ ይጨምራል። የቢየላ ብሎን የተሠራው ለዚያ ጭነት አልነበረም።

ከሞተሩ ወጥተን መንገዱን ብንመለከትም ቁጥሩ ያው ነው። በመጨረሻው ማርሽ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይገደብ የነበረ መኪና አሁን 100 ሊደርስ ይችላል። በዚህ ፍጥነት መኪናው የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት፣ ለማቆምም የሚያስፈልገው ርቀት፣ በ25 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፍሬኑ ግን አልተለወጠም፤ ጎማውም ያው ነው፤ ጭነቱም አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም ሆነ ከአዳማ ወደ አዋሽ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ሩብ ያህል ጭማሪ ከፊት ላለው ባለ ባጃጅ፣ በመንገድ ዳር ለሚጓዘው ባለ ጋሪና ከብት ለሚነዳው ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ሕዝቡ ለአንዳንድ የጭነት መኪናዎች የሚያስፈሩ ቅጽል ስሞችን ያወጣው በከንቱ አይደለም።

ሌላም ችግር አለ። ሁለቱ ክብደቶች እኩል ካልተሞረዱ ዘንጉ ሚዛኑን ያጣል። ቀደም ባለው ምሳሌ በሁለቱ መካከል የ10 ግራም ልዩነት ቢፈጠር፣ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ጭነት በሰከንድ 25 ጊዜ ዘንጉን ዙሪያውን ይመታዋል። ኩሽኔታው ይበላል፤ ፒኑ ይሰፋል፤ ገቨርነሩም መዋዠቅ ይጀምራል። 10 ግራም ደግሞ እጅ ብቻውን በእርግጠኝነት የሚለየው ልዩነት አይደለም።

የተጠነከረ ቆዳ

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ክብደቱ መጠን ነው። ስለ ብረቱ ጠባይም መነገር ያለበት ጉዳይ አለ፤ በዚያ ጋራዥ ያየሁት ሰማያዊ ቀለም ያስጨነቀኝ በዚህ ምክንያት ነው።

እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ የሚሠሩ የማሽን ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ቆዳቸው እንዲጠነክር ይደረጋል። ካርቦኑ አነስተኛ የሆነ ብረት፣ ካርቦን በበዛበት ምድጃ ውስጥ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። ካርቦኑ ከላይ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያም ብረቱ በድንገት ይቀዘቅዛል። ውጤቱ እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱ ደረቅ፣ ውስጡ ለስላሳ። ቅርፊቱ መፋተግን ይቋቋማል፤ ለስላሳው ውስጥ ድንገተኛ ምትን ይችላል። ነገር ግን ቅርፊቱ በአብዛኛው ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ግራይንደር ይህን በሴኮንዶች ጨርሶ ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ የሚፋተገው ለስላሳው ሥጋ ነው፤ ቶሎ ይበላል፤ ሲበላም የገቨርነሩ ልክ በየወሩ ይለዋወጣል።

ቅርፊቱ ባይጨረስ እንኳ ሙቀቱ ያበላሸዋል። የተጠነከረ ብረት ከ200 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ጥንካሬውን መልቀቅ ይጀምራል። ገጽታው ራሱ ይናገራል፤ በ220 ዲግሪ ገደማ የገለባ ቢጫ፣ በ300 ዲግሪ ገደማ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ያወጣ ጫፍ ጥንካሬውን በከፊል ያጣ ጫፍ ነው። ሙቀቱ ከዚያም አልፎ ብረቱ ከቀላ በኋላ ውኃ ውስጥ ቢነከር ደግሞ ቆዳው እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ይፈጠራል። በብየዳ ክብደት መጨመር ከዚህም የባሰ አደጋ አለው፤ በብየዳው ዳርቻ ያለው ብረት በአንድ ጊዜ ግሎ በአንድ ጊዜ ስለሚቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። በሰከንድ 25 ጊዜ ከሚዞር ዘንግ ላይ ተሰብሮ የወደቀ ቁራጭ የነዳጁን ዘንግ በሙሉ መርጫ ቦታው ላይ ከቀረቀረው፣ ሞተሩን ቁልፍ በማጥፋት ብቻ ማቆም ላይቻል ይችላል። በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊያፈርስ የሚችል አደጋ ነው።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። አዲስ ሞረድ በተጠነከረ ብረት ላይ ይንሸራተታል፤ በለሰለሰው ላይ ግን ይነክሳል። ይህ ማንኛውም ጋራዥ ሊያደርገው የሚችል ፈተና ነው። እርግጠኛውን ቁጥር የሚሰጠው ግን የሮክዌል መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ደግሞ የሚገኘው በምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች ቤተ ሙከራ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ታዲያ ይከልከላ!» የሚል ነው። ክልከላ አስፈላጊ ነው፤ የፓምፑ የእርሳስ ማኅተምም የተሠራው ለዚህ ነበር። ነገር ግን ማኅተሙ በፒንሳ የሚቆረጥ ክር ነው። የሾፌሩ ችግር እስካልተፈታ ድረስ፣ ማለትም መኪናው ዳገት ላይ እስከደከመ፣ ባለንብረቱ የምልልስ ቁጥር እስከቆጠረና ጭነቱ ከልክ እስካለፈ ድረስ፣ ክልከላው ሥራውን ከጋራዡ ፊት ለፊት ወደ ጓሮው ከማዛወር በቀር ብዙ አይፈይድም። ጓሮ የገባ ሥራ ደግሞ ጨርሶ አይመዘንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመካኒኮቹ የሚመጣ ነው፤ «ስንት ዘመን የሠራነውን ሚዛን ሊያስተምረን ነው?» የሚል። ይህን በአክብሮት ልመልሰው እወዳለሁ። የእጅ እውቀት እውነተኛ እውቀት ነው። ሞተር በድምፁ ብቻ ሕመሙን የሚለይ ጆሮ በየትኛውም ክፍል ውስጥ አይሰጥም። ነገር ግን «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል በዚህ ላይ ይጎዳናል። በልብ ያለ ሙያ ከባለሙያው ጋር ያረጃል፤ ሲሳሳትም የት እንደተሳሳተ አይታወቅም። ከላይ የጠቀስሁት መኪና ከወራት በኋላ ቢየላው ብሎኩን በስቶ እንደወጣ ከዚያው ሾፌር ሰምቻለሁ። የተሞረደው ክብደት ነው ጥፋተኛው ለማለት ግን አልደፍርም፤ ምን ያህል እንደተቀነሰ፣ ገደቡ የት እንደደረሰ የጻፈ ሰው የለምና። መዝገብ ቢኖር ኖሮ መካኒኩ ወይ ነፃ ይወጡ ነበር፤ ወይም ይማሩበት ነበር። አሁን ከሁለቱ አንዱም አልሆነላቸውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ይህ ቴክኖሎጂ ያለፈበት ነው፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች በኮምፒውተር ይታዘዛሉ» የሚል ነው። እውነት ነው። ሆኖም በአገራችን አንድ የጭነት መኪና ለአሥርተ ዓመታት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያም በላይ ልማዱ ከብረቱ ጋር አያረጅም። ዛሬ ክብደት ሳይመዝን የሚሞርድ እጅ ነገ የሞተሩን ኮምፒውተር ሳይለካ ገደቡን ይሰርዛል። መድኃኒቱ በሁለቱም አንድ ነው፤ ከለውጥ በፊት መለካት፣ ከለውጥ በኋላ መለካት፣ መጻፍ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ለእጅ ሥራ የቀረበ ተቋም ነበር። ከዚያም የቴክኒክ መምህራንን ሲያሠለጥን ኖሯል። ይህ ታሪክ ለዛሬ ተመራቂዎች ኩራት ብቻ ሳይሆን አደራም ይመስለኛል። ከግቢው አጥር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ አዋሽ በሚዘረጋው መስመር፣ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ የሚመላለስባቸው መኪናዎች ይጠገናሉ። በየዓመቱ ለመመረቂያ ከምናቀርባቸው ጥናቶች ስንቶቹ የእነዚህን ጋራዦች ደጃፍ ረግጠዋል?

የማቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ለጋራዦች የሚሆን አጭር የሥራ መመሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ። መመሪያው ከክብደት በፊት ስለ ስፕሪንግ፣ ከስፕሪንግ በፊት ስለ አየር ማጣሪያና ስለ ኢንጀክተር ይናገር። ያረጀ ክብደት በግድ መስተካከል ካለበት ደግሞ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ያስቀምጥ። የሚፋተገው ገጽታና የፒኑ ቀዳዳ አይነኩ፤ ሥራው በዝግታና እየቀዘቀዘ ይከናወን፣ ቀለም ያወጣ ክብደትም ይጣል፤ ክብደቶቹ ሁልጊዜ በጥንድ ተመዝነው እኩል ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ቤተ ሙከራዎቻችን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለጋራዥ ባለሙያዎች ይከፈቱ። የክፍልፋይ ግራም ሚዛን፣ የጠጣርነት መለኪያና ስንጥቅን በቀለም የሚያሳየው ዘዴ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ይህን ስናደርግ ለገደብ አፍራሾች እንተባበር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የተፈተሸው ፓምፕ በመፈተሻ ማሽን ላይ ወጥቶ፣ ነዳጅ የሚቆርጥበት ዙር ከአምራቹ ልክ ጋር ተመሳክሮ፣ በማኅተም ተዘግቶ ሊወጣ ይገባል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የተከፈተ ፓምፕ አንድ ገጽ መዝገብ ይኑረው፤ የመኪናው ዓይነት፣ ሾፌሩ የነገረው ችግር፣ የክብደቶቹ ግራም በፊትና በኋላ፣ ገደቡ በፊትና በኋላ። ይህ መዝገብ በሁለት ዓመት ውስጥ ለብዙ የመመረቂያ ጥናቶች የሚበቃ መረጃ ይሆናል። የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ከቆላ እስከ ደጋ የሚዘረጉ በመሆናቸው፣ ከፍታ በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ የሚያደርሰውን ጫና ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

አራተኛ፣ መካኒኮቹ ተጠኚዎች ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪዎችም ይሁኑ። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በተግባር ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተጋብዘው፣ ሞተርን በድምፅ የመለየት ጥበባቸውን ለተማሪዎቻችን ያሳዩ። ተማሪው ሚዛኑን፣ ባለሙያው ጆሮውን ይዞ ቢገናኙ፣ ሁለቱም የጎደላቸውን ያገኛሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ልዩ በጀት የሚጠይቅ ብዙም የለም። ሚዛኑ አለ፤ መለኪያው አለ፤ ተማሪው አለ። የጎደለው ከቤተ ሙከራው እስከ ጋራዡ ያለውን አጭር መንገድ መሄድ ነው።

እኔ በበኩሌ ባለፈው ወር ወደዚያው ጋራዥ ትንሽ ሚዛን ይዤ ተመልሼ ነበር። መካኒኩ ከመሳቢያቸው ሁለት አሮጌ ክብደቶች አውጥተው «እስቲ እጄን ፈትነው» አሉኝ። በእጃቸው መዝነው እኩል ናቸው ብለው የፈረዱባቸው ሁለቱ ብረቶች በ7 ግራም ይለያዩ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቁጥሩን ሲመለከቱ ቆዩና «ይህ ዕቃ ስንት ያወጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ስንት እንደሚያወጣ ነገርኋቸው። ሚዛኑን ግን እዚያው ትቼላቸው ወጣሁ።